የነዳጅ ሴል አቀበት ላይ ይታፈናል ወይ?

(ይህ አዳማ ላይ ለምሕንድስና ተማሪዎች፣ ለጋራዥ ባለሙያዎችና ጉዳዩን ለመስማት ለመጡ የከተማው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ አስተካክዬዋለሁ።)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወደ አዳራሹ ስገባ በር ላይ አንድ አባት አስቆሙኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባድ መኪና አሽከርክረዋል፤ መጀመሪያ በአሰብ፣ በኋላም በጅቡቲ መስመር። ዛሬ ስለ ምን እንደምናገር ጠየቁኝ። ሃይድሮጂንን ከአየር ጋር አገናኝቶ ያለ እሳት ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ መሣሪያ፣ ስለ ነዳጅ ሴል ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «አየር የሚፈልግ ከሆነ ታዲያ አቀበት ላይ አይታፈንም ወይ?» አሉኝ። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሙሉ ጭነት ይዞ ከመተሐራ ወደ ወለንጪቲ ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት በጆሯቸው ያውቁታል።

አባባ፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ያዘጋጀሁትን መግቢያ ትቼ ከእርስዎ ጥያቄ እጀምራለሁ።

ጥያቄው ለምን ልቤን እንደነካው ልንገራችሁ። ስለ ሃይድሮጂን ሲወራ የሚወራው ስለ ሴሉ ነው፤ ጭስ እንደሌለው፣ ከጭስ ማውጫው ንጹሕ ውኃ እንደሚንጠባጠብ። ይህ እውነት ነው። መሐንዲሱን እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሴሉ ራሱ ሳይሆን ሴሉን የሚያኖረው ነገር ነው። አየሩ እንዴት ይግባ? ውኃው እንዴት ይውጣ? ሙቀቱ የት ይጣል? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዲዛይኑ ላይ ከታዩት ፈጠራዎች ብዙዎቹ የተወለዱት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። መልሳቸው ደግሞ ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰውና ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ አይደለም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ በሌላ አገር ያለቀለት የሚመስለው ሥራ እኛ ዘንድ ገና አልተጀመረም።

መሣሪያውን ለማያውቁት በአጭሩ ልግለጸው። በመካከል ሜምብሬን የሚባል፣ ከፀጉር የቀጠነ ስስ ሽፋን አለ። በሁለቱም ገጹ ላይ የፕላቲነም ቅንጣት የተበተነበት የካርቦን ዱቄት ተቀብቷል። በአንዱ በኩል ሃይድሮጂን፣ በሌላው በኩል አየር ይመጣል። ሃይድሮጂኑ ፕላቲነሙን ሲነካ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሆኖ ይከፈላል። ሜምብሬኑ ፕሮቶኑን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮኑን ይከለክላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ በውጭ በኩል በሽቦ ይዞራል፤ በመንገዱ ላይ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ወዲያኛው ገጽ ላይ ከፕሮቶኑና ከኦክስጅኑ ጋር ሲገናኝ ውኃ ይሆናል። የአንድ ሴል ቮልቴጅ በስሌት 1.23 ቮልት ነው። ጭነት ሲበዛበት ግን ወደ 0.65 ቮልት ይወርዳል፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሴሎቹ በመቶዎች እየሆኑ እንደ ሞሶብ እንጀራ ይደራረባሉ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያወጣት፣ ሚራይ የምትባለው የሃይድሮጂን መኪና 370 ሴል ነበራት። በ2020 የወጣችው ሁለተኛዋ ሚራይ ያላት 330 ብቻ ነው፤ ኃይሏ ግን ከ114 ወደ 128 ኪሎ ዋት አድጓል። አርባ ሴል ተቀንሶ ኃይል ወደተጨመረበት ምክንያት በኋላ እመለሳለሁ።

ሐሳቡ ራሱ አሮጌ ነው። የዌልስ ተወላጁ ዊልያም ግሮቭ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን በፕላቲነም ላይ ተገናኝተው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ነገሩ የቤተ ሙከራ ትርኢት ሆኖ ቆየ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ቶማስ ቤከን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲታገል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ 5 ኪሎ ዋት ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ አቆመ። በአፖሎ መንኮራኩሮች ላይ ለጠፈርተኞቹ መብራትና የሚጠጡት ውኃ የሰጡት ሴሎች የእሱን ንድፍ መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ከዚያ ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንዱን ነው፤ የአፖሎ 13ን። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ አደጋ የደረሰበት መንኮራኩር ሦስት የነዳጅ ሴሎች ነበሩት። ችግሩ የተነሣው ከእነሱ አልነበረም። የፈነዳው የኦክስጅን ታንክ ነው፤ ታንኩ ውስጥ የነበረ የሽቦ ሽፋን ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። ሴሎቹ የሚተነፍሱት ነገር ሲያጡ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ከኤሌክትሪኩ ጋር ውኃውም ተቋረጠ። ሦስት ሰዎች በብርድና በጥም ወደ ምድር የተመለሱት ሴሉን በሚመግበው መስመር ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አየሩ። ሰሌዳው ላይ አብረን እናስላ። 100 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የሴል ቁልል እንውሰድ፤ እያንዳንዱ ሴል በ0.65 ቮልት ይሥራ፤ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን እጥፍ የሚይዝ አየር እንስጠው፤ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። በሰከንድ 110 ግራም አየር ይወጣል። በሰዓት ወደ 400 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ አራት ኩንታል አየር ማለት ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እኛ እዚህ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በሞቃት ቀን አንድ ሜትር ኩቡ 1 ኪሎ ግራም አይሞላም። አዲስ አበባ ብትወጡ ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል።

መሐንዲሱ አየሩን እንዲሁ አይሰጥም፤ በኮምፕረሰር ጨምቆ ነው፤ 2.5 ባር እንበል። ኮምፕረሰሩ 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው በጅቡቲ ወደብ ለዚህ ሥራ 14 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈጃል። አዳማ ላይ ለዚያው ግፊትና ለዚያው የአየር መጠን 17.5 ኪሎ ዋት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ 19። ይህ ኃይል ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ቁልሉ ካመነጨው ላይ ይቀነሳል። ጅቡቲ ላይ 100 አምርቶ 86 ለጎማው ያደርስ የነበረ መኪና አዳማ ሲደርስ የሚያደርሰው 82 አካባቢ ነው፤ የኮምፕረሰሩን ሞተር ብክነት ሳንቆጥር።

«ታዲያ ጭመቃውን ብንተወውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፤ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ያለው ውኃው ላይ ነው። ሴሉ የሚሠራው በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ሜምብሬኑ እንዳይደርቅ አየሩ እርጥብ መሆን አለበት። በ80 ዲግሪ በእንፋሎት የጠገበ አየር ውስጥ የእንፋሎቱ ግፊት ብቻውን 47 ኪሎ ፓስካል ነው። የአዳማ የአየር ግፊት በሙሉ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩን እንፋሎት ይወስደዋል፤ ለአየሩ 35 ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ 7 ብቻ ነው። ወደ 2.5 ባር (250 ኪሎ ፓስካል) ስንጨምቀው ያው ኦክስጅን ወደ 42 ይወጣል፤ ስድስት እጥፍ። እንፋሎቱ ድርሻውን ሳይጨምር አየሩ ብቻ ይጨምራል። በከፍታ ላይ ጭመቃ የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ፈጠራው እዚህ ላይ ይጀምራል። የዘመኑ ኮምፕረሰር በደቂቃ ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይዞራል፤ ዘይት ግን አይገባበትም፤ ጥቂት የዘይት ጭጋግ ሴሉ ውስጥ ከገባ ፕላቲነሙን ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ዘንጉ የሚያርፈው በኩሽኔታ ሳይሆን በስስ የብረት ቅጠሎች ላይ ነው፤ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ይነካቸዋል፤ ፍጥነት ሲይዝ የራሱ ዙር በሚፈጥረው የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ምንም ሳይነካ ይዞራል። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ሁለተኛው ነገር ለአባባ የሚታወቅ ነው፤ ተርቦ። ከቁልሉ የሚወጣው አየር አሁንም ጭምቅና ሙቅ ነው፤ ዝም ብሎ ከሚለቀቅ በተርባይን በኩል አልፎ ኮምፕረሰሩን ቢያግዝ ከወጣው ጉልበት ከፊሉ ይመለሳል። እዚህ ላይ ከፍታው ያግዘናል። ተርባይኑ አየሩን የሚለቀው ወደ ሳሳው የውጭ አየር ስለሆነ የግፊቱ ልዩነት ከጅቡቲው ይበልጣል፤ የሚመለሰውም ጉልበት እንደዚያው። ስለዚህ ለሜዳ መኪና «ክብደት ይጨምራል» ተብሎ የሚቀር ተርባይን ለእኛ መንገድ ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ከውጭ የመጣ ስሌት ያለውን አምነን ከመጣላችን በፊት በራሳችን ከፍታ ደግመን ማስላት ይገባናል።

እንግዲህ አባባ፣ አቀበት ላይ አይታፈንም፤ ለመተንፈስ ግን ከራሱ ጉልበት ይከፍላል። ኮምፕረሰሩ ለሜዳ ብቻ ተለክቶ ከተመረጠ ግን የዙሩ ጣሪያ ላይ ይደርስና ያኔ በእርግጥም ይታፈናል።

ውኃውን እንይ። ያ 100 ኪሎ ዋት ቁልል በሰዓት 5.8 ኪሎ ግራም ያህል ሃይድሮጂን ይበላና 52 ሊትር ገደማ ውኃ ያወጣል፤ በባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። ውኃው የሚወለደው አየሩ በሚገባበት በዚያው ገጽ ላይ ነው። ቶሎ ካልወጣ አየሩን መንገድ ይዘጋበታል። ብዙ ከወጣ ደግሞ ሜምብሬኑ ይደርቅና ፕሮቶን ማሳለፉን ያቆማል።

እናቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያውቁታል። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲበስል እንፋሎቱ በዓይኖቹ በኩል ይወጣል። አክንባሎው ከልኩ በላይ ከቆየ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብና እንጀራው ይርሳል፤ ዓይኑ ይጠፋል። ቶሎ ከተነሣም ሳይበስል ይቀራል፤ እንጀራው ራሱ ምጣዱ ላይ አብዝቶ ከቆየ ደግሞ ጠርዙ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በሴሉ ውስጥ የእንጀራውን ዓይን ሥራ የሚሠራው ከካርቦን ጭረት የተሠራ ወረቀት ነው። ውኃ እንዳይጣበቅበት ቴፍሎን ይነከራል፤ ሜምብሬኑን በሚነካው ገጹ ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹ እጅግ የደቀቁ ሌላ ንብርብር ይቀባበታል። ውኃው በትልልቁ ቀዳዳ ይወጣል፤ አየሩ በትንንሹ ይገባል።

ከወረቀቱ ጀርባ አየሩን የሚያከፋፍለው ሳህን አለ። ድሮ ከግራፋይት ይፈለፈል ነበር፤ ወፍራምና ተሰባሪ ነው። ዛሬ ከስስ የብረት ወይም የቲታኒየም ቆርቆሮ በማተሚያ ይጨፈለቃል። በመጀመሪያዋ ሚራይ ላይ የአየሩ መንገድ ቀላል ቦይ ሳይሆን አየሩን ወደ ወረቀቱ እየገፋ ውኃውን ወደ ኋላ የሚስብ ረቂቅ የብረት መረብ ነበር። ዓለም አደነቀው። በሁለተኛዋ ግን ያንኑ መረብ አውጥተው ጣሉት፤ በየመሃሉ ጠበብ በሚል ቀላል ቦይ ተኩት፤ አየሩ ጠባቡ ላይ ሲደርስ ራሱ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ክፍሉ ቀለለ፤ ሴሉ ሳሳ፤ ከእያንዳንዱ ሴል የሚገኘውም ኃይል ጨመረ። አርባ ሴል ተቀንሶ ኃይል ያደገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የራሱን የተደነቀ ሥራ አንሥቶ በቀላል ነገር መተካት ለቻለ መሐንዲስ ከፍ ያለ አክብሮት አለኝ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ፈጠራ ደግሞ አንድን ዕቃ ያስቀረው ነው። ቀድሞ ወደ ሴሉ የሚገባውን አየር የሚያረጥብ ትልቅ ማርጠቢያ ሳጥን ከጎን ይታሰር ነበር፤ ከባድ፣ ውድና ቶሎ የሚያረጅ። ሚራይ ያለ እሱ ወጣች። እንዴት? ሃይድሮጂኑንና አየሩን በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲፈሱ አደረጉ። አየሩ መውጫው አጠገብ ሲደርስ ውኃ ጠግቧል። ሜምብሬኑ እጅግ ስስ ስለሆነ ያ ውኃ ሾልኮ ወደ ሃይድሮጂኑ ወገን ይሻገራል። ሃይድሮጂኑ እርጥበቱን ተሸክሞ አየሩ ደርቆ ወደሚገባበት ጫፍ ይወስደዋል፤ ሜምብሬኑም እዚያ ይረጥባል። ሴሉ የራሱን ውኃ ራሱ ያዞራል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያመጣሁት የተከፈተ ሴል ይህ ዝውውር ያልተሳካለት ነው። በአየር መግቢያው ጥግ ላይ ቡናማ ቦታ ታያላችሁ፤ በመካከሉ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ደርቆ፣ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ ረጥቦ ነው የተበሳው። በከፍታ ላይ፣ በደረቅ የበጋ ንፋስ፣ ያ ጥግ ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ አደጋ ላይ ነው።

ስለ ሜምብሬኑ እዚህ አዳማ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሜምብሬኑ የሚሠራው ፍሎሪን በብዛት ካለበት ፕላስቲክ ነው፤ የአሜሪካው ኩባንያ ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካገኘው ናፊዮን ዘር። ሲያረጅና በኬሚካል ሲጠቃ ፍሎራይድ ይለቃል። መሐንዲሶች የሴሉን ጤና ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ከጭስ ማውጫው የሚንጠባጠበውን ውኃ ቀድቶ በውስጡ ያለውን ፍሎራይድ መለካት ነው። ፍሎራይድ ምን እንደሆነ ለወንጂና ለዚህ ስምጥ ሸለቆ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ከጉድጓድ ውኃ ጋር መጥቶ በጥርስና በአጥንት ላይ የጻፈውን በቤታችን እናውቀዋለን። በዚህ አካባቢ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የመለካት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ። ያ እውቀት ለነዳጅ ሴል ምርመራ እንዳለ ያገለግላል። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለዚህ ሥራ ባዶ እጃችንን አይደለንም።

ፕላቲነሙን በአጭሩ ልለፈው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የሜምብሬኑን ቁስ አሟሙቶ ከፕላቲነሙ ጋር በማዋሐድ በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ከ4 ሚሊ ግራም ወደ 0.4 ማውረድ ተቻለ። ከዚያም ወርዷል። ቅንጣቶቹ ፕሮቶን የማይደርስባቸው ቦታ ላይ ተቀምጠው ይባክኑ ነበር፤ መንገድ ሲሠራላቸው ከአሥር አንድ እጅ በቃ።

ሙቀት ላይ ግን መቆየት አለብን። ያ ቁልል 100 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ከ90 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። የናፍጣ ሞተር ከሙቀቱ ብዙውን ከጭሱ ጋር ይሸኛል፤ የነዳጅ ሴል ጭስ የለውምና አብዛኛውን ሙቀቱን በራዲያተር መጣል አለበት። ራዲያተር የሚሠራው ደግሞ በልዩነት ነው። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ 80 ዲግሪ፣ የውጭው አየር 25 ሲሆን ልዩነቱ 55 ነው። ሚሌ ላይ አየሩ 42 ሲሆን ልዩነቱ ወደ 38 ይወርዳል። ያው ራዲያተር ከሦስት አንድ እጅ ያህል አቅሙን ያጣል። የጅቡቲ መስመር እንግዲህ በአንድ ጉዞ ሁለት ፈተና ይሰጣል፤ ታች አፋር ላይ አየሩ ወፍራም ሆኖ ሙቀቱ ያስጨንቃል፤ ላይ አዳማ ላይ ሙቀቱ ቀለል ብሎ አየሩ ይሳሳል፤ በመካከሉ ጭነቱ አቀበቱን ይገፋል።

መፍትሔዎቹ በሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ከ90 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚችል ሜምብሬን መሥራት ነው። ሌላው ፎስፎሪክ አሲድ የጠገበ ሌላ ዓይነት ሜምብሬን ይዞ በ160 እና በ180 ዲግሪ መካከል መሥራት ነው፤ ያኔ ውኃው ሁሉ እንፋሎት ስለሚሆን የመጥለቅለቅ ነገር የለም፤ ራዲያተሩም ትንሽ ይበቃዋል። ለማሞቅ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ለተመሳሳይ ኃይልም ክብደቱ ይበዛል። እኔን የሚስበኝ ሦስተኛው ነው፤ ሴሉ ራሱ ያወጣውን ውኃ ራዲያተሩ ላይ መርጨት። 52ቱን ሊትር በሙሉ መያዝ ቢቻል ሲተን ወደ 34 ኪሎ ዋት ሙቀት ይወስዳል። ሁሉንም መያዝ አይቻልም። ግማሹን መያዝ እንኳ ለሚሌ ቀትር ትልቅ ነገር ነው፤ ደረቅ አየር ደግሞ ለትነት ይመቻል። የሚረጨው ውኃ ከሴሉ የወጣ ስለሆነ እንደ ጉድጓድ ውኃ ራዲያተሩ ላይ ነጭ ጨው አይጋግርም።

በውጭ አገር ስለ ነዳጅ ሴል ስታነቡ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ስለ ማስነሣት ብዙ ጥረት እንደተደረገ ታገኛላችሁ። ያስፈልጋቸዋል፤ ውኃው ሴሉ ውስጥ በረዶ ከሆነ ይበጥሰዋል። ለእኛ ግን ያ ሁሉ ቫልቭና ማሞቂያ የማያስፈልግ ወጪ ነው። በምትኩ የሚያስፈልገን የአቧራ ነገር ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። አቧራውን ተራ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ ከፊት ያለው የናፍጣ መኪና የሚተፋውን የድኝ ጋዝ ግን አይይዘውም፤ ጋዙ ፕላቲነሙ ላይ ተለጥፎ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ከሰል ያለበት ሁለተኛ ማጣሪያ ይገባል፤ በተሳቢ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ደግሞ ከሌላው አገር ቶሎ መቀየር ይኖርበታል።

ጥገናን በተመለከተ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ስላላችሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የሙከራ ክፍል የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጎድሎ ተገኘ። አንድ ረዳት፣ ለመኪና እንደሚደረገው ሁሉ፣ ከቧንቧ ቀድቶ ሞላው። በማግስቱ ቁልሉ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ጮኸና ሁሉም ነገር ራሱን አጠፋ። ማቀዝቀዣው የሚያልፈው በመቶዎች ቮልት ባለበት ቁልል መካከል ነው፤ በውኃው ውስጥ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ፈሳሹን ቀድተን ስንለካው ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ ያስተላልፍ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በንጹሕ ውኃ ስናጥበው ቆየን፤ ጨው የሚለቅመውም ማጣሪያ በአንድ ሌሊት ጠግቦ ተጣለ። ልጁን ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ማንም አልነገረውም፤ በክዳኑም ላይ ምልክት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማየውን ማንኛውንም ንድፍ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መንገድ ዳር ያለ ሰው በቅን ልብ ሲሳሳት መሣሪያው ምን ይሆናል? አፍ የተለየ ክዳን፣ በአማርኛ የተጻፈ ምልክት፣ ፈሳሹን ዘወትር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፤ እነዚህም ምሕንድስና ናቸው።

ሃይድሮጂኑ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ በመስኮቱ በኩል ኮረብታው ላይ የሚታዩትን የንፋስ ማማዎች እጠቁማለሁ። የአዳማ አንድ 51፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ የእያንዳንዱ ማማ 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ከውኃ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለማውጣት ወደ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ማማ በሙሉ ኃይሉ አንድ ሰዓት ቢሠራ 27 ኪሎ ግራም ያህል ይወጣዋል። ነገር ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ያንን 55 ኪሎ ዋት ሰዓት በሃይድሮጂን በኩል አዙረን ስናመጣው ለጎማው የሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ቢሆን ነው። በባትሪ ብንወስደው አብዛኛው ይደርሳል። ስለዚህ ለከተማ ታክሲና ለቤት መኪና ባትሪ ይበልጣል፤ ሃይድሮጂን ይግባ የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም። የሃይድሮጂን ቦታ ረጅም መንገድና ከባድ ጭነት ነው፤ ባትሪው ራሱ የጭነቱን ቦታ በሚበላበት። እዚያም ቢሆን አነስ ያለ ባትሪ አብሮት መኖር አለበት። ከአዳማ ወደ መተሐራ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ የሚያባክነውን ጉልበት ያ ባትሪ ይሰበስባል፤ ሲመለስ ደግሞ አቀበቱ ላይ ሴሉን ያግዘዋል። ሴሉ እየጨመረ እየቀነሰ ከሚደክም በተረጋጋ ጭነት ሲሠራ ዕድሜው ይረዝማል።

ተማሪዎች፣ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንድ ኪሎ ዋት የምትሰጥ ትንሽ ቁልል፣ የግፊትና የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ፒክአፕ መኪና። መተሐራ ላይ ወደ 950 ሜትር፣ አዳማ ላይ 1,700፣ አዲስ አበባ ላይ ከ2,300 በላይ። በአንድ ቀን ሦስት ከፍታ ላይ ያንኑ ጭነት ሰጥታችሁ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ መዝግቡ። ሌላው አገር ለዚህ ልኬት የአየር ግፊት የሚቀንስ ክፍል መገንባት አለበት፤ ለእኛ መንገዱ ራሱ ክፍሉ ነው። አባባ ፈቃዳቸው ከሆነ መኪናውን እሳቸው ይነዱልናል፤ ሞተር ሲያቃስት ከእኛ ቀድመው ይሰሙታል።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ። የተከፈተው ሴል እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀርባችሁ ቀዳዳውን እዩ። ከጎኑ ያለው አዲሱ ሜምብሬን ነው፤ እሱን የምትነኩት ግን ጓንት አድርጋችሁ ይሁን። በጣታችን ላብ ውስጥ ያለው ጨው የፕሮቶኑን ቦታ ይይዝበታል።